ሐሳብ ነው የበላት? ስለ ጭንቀት፣ ስለ ምግብና ስለ ካንሰር

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። ዕድሜዬ 39 ነው። ታላቅ እህቴ በ44 ዓመቷ የጡት ካንሰር ተገኘባት። ከሦስት ዓመት በፊት ከባለቤቷ ጋር ስትፋታ በጣም ተጎድታ ነበር። አሁን ቤተሰቡ ሁሉ ‹ሐሳብ ነው የበላት› ይላል። እሷም ‹በገዛ ብስጭቴ ያመጣሁት ነው› እያለች ራሷን ትወቅሳለች። ይባስ ብሎ ‹ስኳርና ሥጋ ካንሰርን ይመግባል› እየተባለች የምትበላው ነገር ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ነው። እኔም ሥራዬ እረፍት የለውም፤ እንቅልፌም ከተዛባ ቆይቷል። እውነት ጭንቀትና ምግብ ካንሰር ያመጣሉ? እኔስ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ከእህትሽ ልጀምር። ካንሰሯን ፍቺው አመጣው የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። ነገሩ በደንብ ተጠንቷል፣ የተገኘውም ይኸው ነው። የምግቡ መልስ ግን እንዲህ አያጥርም። ምግብ ድርሻ አለው። ብቻ ድርሻው ያለው ሰው በሚያወራበት ቦታ አይደለም።

አንድ ቀን የምርመራ ውጤት ልነግራቸው ባልና ሚስት ፊቴ ተቀምጠው ነበር። ገና «ካንሰር» የሚለው ቃል ከአፌ እንደወጣ ባልየው ወደ ሚስቱ ዞሮ «አትናደጂ አላልኩሽም?» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ አላየችውም። የመሐረቧን ጫፍ ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ታጥፋለች። ስለ ቀዶ ጥገናው ካስረዳኋት አንዱንም የሰማችኝ አይመስለኝም። መታመሟ አልበቃ ብሎ ጥፋተኛም ሆና ነበር።

ይህ እምነት ከየት መጣ? በከፊል ቋንቋችን ራሱ ያስለመደን ይመስለኛል። ስንናደድ ቆሽታችን ያራል። ስናዝን አንጀታችን ይቃጠላል። ነዝናዛ ሰው ጨጓራችንን ይልጠዋል። ሐሳብ ደግሞ ሰውን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ካንሰርም ውስጥ ውስጡን ሲሠራ ከርሞ ነው ድንገት ብቅ የሚለው። ሁለቱን አንድ ላይ ብናስራቸው አይገርምም።

ጨጓራን ካነሳን አይቀር እዚያው ትንሽ እንቆይ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሐኪሞች ጭምር የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከሚያቃጥል ምግብ የሚመጣ ነው ሲሉ ኖረዋል። ታማሚው «አትጨነቅ፣ ወተት ጠጣ» ተብሎ ይሸኝ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ከታማሚዎች ጨጓራ ውስጥ ጠምዛዛ ባክቴሪያ አገኙ። ዛሬ ኤች ፓይሎሪ የምንለው ነው። አብዛኛው ባለሙያ አላመናቸውም። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ራሱ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ወሰዱ።

ታሪኩን ያመጣሁት ለማዝናናት አይደለም። ያው ባክቴሪያ ለዓመታት ሳይታከም ሲቆይ ለጨጓራ ካንሰር ከሚዳርጉ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው። ስንቱ ሰው «በንዴቱ ነው» እየተባለ በክኒን ሊጠፋ የሚችል ጀርም ተሸክሞ ኖሯል። «ጭንቀት ነው» ብለን ስንዘጋው ሌላ መፈለጋችንን እናቆማለን። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ወደ ጡት ካንሰር እንመለስ። ካንሰር የሚነሳው በአንዲት ህዋስ ዲኤንኤ ላይ ስህተት በስህተት ላይ ሲደራረብ ነው። አንዷ ሁለት ትሆናለች፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በጣት ሲነካ አተር የሚያክል እብጠት ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን እስከ አንድ ቢሊዮን የሚደርሱ ህዋሶች አሉ። ከአንዷ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ቁጥሩ ከ27 እስከ 30 ጊዜ ያህል እጥፍ መሆን አለበት። ይህ ብዙውን ጊዜ ዓመታት ይፈጃል። እህትሽ ፍርድ ቤት ስትመላለስ የመጀመሪያዋ ህዋስ ቀድማ እዚያ የነበረች የመሆኗ ዕድል ሰፊ ነው።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው «ከዚያ ሐዘን በኋላ ነው የታመምኩት» የሚለው ለምንድን ነው? ሰው ሲታመም ወደ ኋላ ዞሮ ምክንያት ይፈልጋል። ወደ ኋላ ዞሮ ደግሞ ሐዘን የሚያጣ ማን አለ? ያልታመመውም ሰው ያንኑ ያህል ተጨንቋል። የሚጠይቀው ስለሌለ ግን አይቆጥረውም። ጥሩ ጥናት የሚባለው እንግዲህ ሰው ጤነኛ ሳለ ስለ ጭንቀቱ ጠይቆ፣ መዝግቦ፣ ከዚያ ለዓመታት የሚጠብቀው ነው።

እንዲህ ዓይነት ጥናቶች አሉ። በአውሮፓ ከ116 ሺህ በላይ ሰዎች ስለ ሥራ ጫናቸው ተጠይቀው ለ12 ዓመት ያህል ክትትል ተደረገላቸው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከ5,700 በላይ የሚሆኑት ካንሰር ያዛቸው። ውጤቱ በ2013 ሲወጣ በከባድ ጫና ውስጥ የሚሠሩት ከሌሎቹ የበለጠ አልታመሙም። የአንጀት፣ የሳንባ፣ የጡትና የፕሮስቴት ካንሰር ለየብቻ ሲታዩም ልዩነት አልተገኘም። በብሪታንያ ደግሞ ከ106 ሺህ በላይ ሴቶች ምን ያህል እንደሚጨነቁ፣ ተፋተው ወይም የቅርብ ሰው ሞቶባቸው እንደሆነ ተጠየቁ። የጭንቀቱ ብዛትም ሆነ ፍቺ በጠቅላላው የጡት ካንሰርን ዕድል ከፍ አላደረገም። በትናንሽ ንዑስ ቡድኖች ውስጥ አንዳንዱ ቁጥር ከፍ፣ አንዳንዱ ዝቅ ብሎ ነበር። ወጥ የሆነ ነገር ግን አልታየም።

ከልጅ ሞት የሚብስ ሐዘን የለም። በዴንማርክ ልጅ የሞተባቸው ከ21 ሺህ በላይ ወላጆች ለረጅም ጊዜ ተጠንተዋል። በአባቶች ላይ ጭማሪ አልታየም። በእናቶች ላይ ትንሽ ጭማሪ ታየ። ጭማሪው የጎላው ግን በየትኞቹ ካንሰሮች ላይ መሰለሽ? ከሲጋራ ጋር በሚያያዙት ላይ። በ2023 በወጣው፣ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎችን ባካተተው የድባቴና የጭንቀት ሕመም ጥናትም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ከጡት፣ ከፕሮስቴትና ከአንጀት ካንሰር ጋር ግንኙነት አልተገኘም። በሳንባ ካንሰር ላይ ትንሽ ጭማሪ ነበር። ሲጋራው፣ መጠጡና ክብደቱ በስሌቱ ሲገቡ እሱም አነሰ።

አየሽው? ጭንቀቱ ሳይሆን በጭንቀት ጊዜ እጃችን የሚዘረጋበት ነገር ነው ጣጣው። የተጨነቀ ሰው ሲጋራ ይለኩሳል። የተወውም ይመለስበታል። አንድ ብርጭቆ ሁለት ይሆናል። ስፖርቱ ይቀራል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ማቀዝቀዣ ይከፈታል፣ የምርመራ ቀጠሮ ይረሳል። በዚህ በኩል ጭንቀት ካንሰር ውስጥ እጁ አለበት ብትዪኝ አልከራከርሽም።

ጭንቀት ሰውነትን አይነካም እያልኩም አይደለም። ኮርቲዞልና አድሬናሊን የሚባሉት የጭንቀት ሆርሞኖች ሲበዙ የሰውነት መከላከያ ሥራ ይዛባል። ዕጢ የተተከለባቸውን አይጦች ጠባብ ቦታ ዘግተው ሲያስጨንቋቸው ዕጢው ሲፋጠንና ሲዛመት ታይቷል። ግን አይጧ ካንሰሩን ያገኘችው ከተመራማሪው መርፌ እንጂ ከጭንቀቷ አይደለም። ማስጀመርና ማፋጠን ለየቅል ናቸው። ሰው ደግሞ አይጥ አይደለም።

በነገራችን ላይ «ካንሰር የጭንቀት በሽታ ነው» የሚለው ሐሳብ እንዲስፋፋ ገንዘብ ያወጣ ወገን ነበር። የሲጋራ ኩባንያዎች። ስትረስን፣ ማለትም ጭንቀትን፣ በ1936 ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ሃንስ ሰልየ ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ገንዘብ ይቀበል እንደነበር ኋላ በወጡ ሰነዶች ታውቋል። «ለካንሰር የሚያጋልጥ ጠባይ አለ» ይል የነበረው የሥነ ልቦና ምሁሩ ሃንስ አይዘንክም እንደዚያው። የአይዘንክ የራሱ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪንግስ ኮሌጅ ለንደን፣ በ2019 ከ20 በላይ ጽሑፎቹ እምነት የማይጣልባቸው ናቸው ብሏል። ሲጋራ ሻጭ ጥፋቱ የሲጋራው ሳይሆን የአጫሹ ጠባይ ቢሆንለት ደስ ይለዋል። እህትሽ «በገዛ ብስጭቴ» ስትል የማን ቃል እንደምትደግም ብታውቅ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ምግብ።

ምግብ ካንሰርን በአንድ ጉርሻ አያመጣም፣ በአንድ ጉርሻም አያድንም። ሥራው በዓመታት ነው። ከጃፓን ወደ ሃዋይ በሄዱ ቤተሰቦች ላይ የታየው ይህን በደንብ ያሳያል። በትውልድ አገራቸው የጨጓራ ካንሰር ይበዛ ነበር፣ የአንጀት ካንሰር ደግሞ ያንስ ነበር። በአዲሱ አገር ተገለበጠ። ደማቸው ያው ነው፤ የተለወጠው ኑሯቸውና ገበታቸው ነው።

ስለ ሥጋ የሰማሽው ወሬ ምንጩ ይኸውልሽ። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. እንደ ቋሊማና ካም ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው 1ኛ ምድብ ውስጥ አስገባው። ያልተቀነባበረውን ቀይ ሥጋ ደግሞ «ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው ምድብ ውስጥ። ወዲያው «ቋሊማ እንደ ሲጋራ ይገድላል» ተባለ። ስህተት ነው። ምድቡ የሚለካው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው፤ ጉዳቱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይደለም። በቀን 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ የአንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከ100 ሰው 5ቱ በሕይወት ዘመናቸው ይታመማሉ ብንል፣ ሁሉም በየቀኑ ቢበሉት 6 ገደማ ይሆናሉ ማለት ነው። ቀላል አይደለም፣ ግን የሚያስደነግጥም አይደለም። አልፎ አልፎ የሚበላ ሥጋ እንቅልፍ ሊያሳጣሽ አይገባም። ቋሊማውን ግን የዘወትር አታድርጊው።

አልኮል ግን ሰው አፉ ላይ የማያመጣው ትልቁ ነገር ነው። ከ1988 ጀምሮ በዚያው 1ኛ ምድብ ውስጥ አለ። ሰውነታችን አልኮልን ሲፈጭ አሴታልዴሃይድ የሚባል ዲኤንኤን የሚጎዳ ነገር ይፈጠራል። የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የጉበት፣ የአንጀት ካንሰር ሁሉ ከዚህ ጋር ይያያዛል። የጡትም ጭምር። በቀን አንድ መለኪያ ብቻ የጡት ካንሰርን ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ከፍ ያደርጋል። እህትሽን ስኳር የከለከለ ዘመድ ወይኑን ከልክሏት ያውቃል?

ከሁሉም በላይ ግን ክብደት። ይህንን ስናገር ሰው ቅር ይለዋል፤ እሱም ሌላ ወቀሳ ይመስላል። ቢሆንም ልናገረው። የሰውነት ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ መጋዘን አይደለም። ራሱ ሆርሞን ያመርታል። የወር አበባ ካቆመ በኋላ እንቁልጢዎች ሥራቸውን ሲያቆሙ ኤስትሮጂን የሚባለው የሴት ሆርሞን በዋናነት የሚመጣው ከስብ ነው። ኤስትሮጂን ደግሞ ብዙዎቹን የጡትና የማህፀን ካንሰሮች ያበረታል። ውፍረት ሲጨምር ኢንሱሊንም ይጨምራል። ኢንሱሊን ለህዋስ «እደጊ፣ ተባዢ» የሚል መልእክት ነው። በዚያ ላይ ሳይታወቅ ለዓመታት የሚነድ የሰውነት መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) አለ። ያው የምርምር ኤጀንሲ በ2016 ከልክ ያለፈ ውፍረት ከ13 ዓይነት ካንሰሮች ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል፤ የአንጀት፣ የኩላሊት፣ የቆሽት፣ የሐሞት ከረጢት፣ የማህፀንና ከማረጥ በኋላ የሚመጣው የጡት ካንሰር በውስጡ አሉ። ስለዚህ «የትኛው ምግብ?» ከሚለው ይልቅ «በአጠቃላይ ስንት በላሁ? ስንትስ ተንቀሳቀስኩ?» የሚለው ጥያቄ ይበልጣል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ከማንኛውም የዱቄት መድኃኒት ይሻላል። ክብደቱ ባይቀንስ እንኳ ጥቅሙ አይቀርም።

ሌላ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው፦ ሻጋታ። በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ ለውዝና በቆሎ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ከታወቁት የጉበት ካንሰር አምጪዎች ውስጥ ከከፋዎቹ አንዱ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ሰው ደግሞ እጥፍ ድርብ ይከፋል። ቢቆሉትም ቢቀቅሉትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የሻገተ ለውዝ ይጣላል፣ አለቀ። ከ65 ዲግሪ በላይ የሚያቃጥል መጠጥም የምግብ ቧንቧን ሳይጎዳ አይቀርም ተብሏል። ትንሽ እስኪበርድ መጠበቅ ነው።

የሚጠቅመውስ? ያልተፈተገ እህል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልት። በእነዚህ ውስጥ ያለው አሰር (ፋይበር) ሆድን ያለሰልሳል፤ አንጀት ውስጥ ያሉት ደጋግ ባክቴሪያዎችም አሰሩን ፈጭተው የአንጀትን ግድግዳ የሚመግብ ነገር ይሠሩለታል። የአንጀት ካንሰርን በመቀነስ በኩል ማስረጃው ጥሩ ነው። ለሌሎች ካንሰሮች ያን ያህል አይደለም።

«ስኳር ካንሰርን ይመግባል» የሚለው ወሬ የማይሞተው ግማሽ እውነት ስላለው ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ የካንሰር ህዋሶች ግሉኮስን በስስት እንደሚጠቀሙ አሳየ። ፔት ስካን የሚባለው ምርመራም የሚሠራው በዚሁ ነው። ጨረር የሚያመነጭ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጥና ዕጢው ሲሻማው ምስሉ ላይ ይበራል። ግን አንጎልም ይበራል። ስኳር ብታቆሚም ጉበትሽ ከሌላ ነገር ግሉኮስ ሠርቶ ወደ ደም ይለቃል። ዕጢውን ብቻ ለይቶ የሚያስርብ ምግብ የለም። የሚራበው ሰውየው ነው። ደምን «ከአሲድ የሚያጸዳ» ምግብም እንደዚሁ ነው። ፒኤች የሚባለው የደም አሲድነት መለኪያ ምንም ብትበዪ ከ7.35 እስከ 7.45 መካከል ነው የሚቆየው፤ ሳንባና ኩላሊት ይጠብቁታል። ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ መቀነሱ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱ ግን ክብደት ነው።

አንድ አባት በፌስታል ሙሉ ጠርሙስ ይዘው መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉልኝ። 14 ነበሩ። ልጆቻቸው ከያሉበት የላኩላቸው ቫይታሚን ነው። «የቱን ልተው?» አሉኝ። ስለ ፊንላንዱ ጥናት ነገርኳቸው። ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲን ከሳንባ ካንሰር ይከላከላል ተብሎ 29 ሺህ የሚያጨሱ ወንዶች በተሳተፉበት ጥናት ለከፊሎቹ በክኒን ተሰጠ። በ1994 ውጤቱ ሲወጣ የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በ18 በመቶ የበለጠ በሳንባ ካንሰር ታመው ተገኙ። በአሜሪካ የተጀመረው ሌላ ጥናት ደግሞ በተመሳሳይ ምክንያት በ1996 ጊዜው ሳይደርስ ተቋረጠ። ካሮቱ ጥፋት የለበትም። ክኒኑ ነው። ሰውዬው ዝም ብለው ሰምተውኝ ሲያበቁ «እኔ ደግሞ አጫሽ ነኝ» አሉ። ሁለት ጠርሙስ ብቻ ይዘው ሄዱ።

አሁን ወደ አንቺ። እህትሽ ሕክምና ላይ ናት። ኬሞ (የካንሰር ህዋሶችን የሚገድል መድኃኒት) ላይ ያለ ሰው ክብደቱ ሲያሽቆለቁልና ጡንቻው ሲሟሽሽ መድኃኒቱን መቋቋም ያቅተዋል፤ አንዳንዴም መጠኑ እንዲቀነስ ወይም እንዲዘገይ ያስገድዳል። ስለዚህ ትብላ። ፕሮቲን ያስፈልጋታል፦ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ጥራጥሬ፣ የተመቻት። ሻይዋ ላይ ስኳር ካማራት ታድርግ። የምትወስደው ቅጠል፣ ዱቄት ወይም ክኒን ካለ ስሙን ሳትደብቅ ለሐኪሟ ትንገር፤ ከኬሞው ጋር የሚጋጭ አለ። ሐዘኗ ይታከም። ካንሰሩን ስለሚያጠፋ አይደለም። የተሰበረ ሰው ቀጠሮ ይቀራል፣ መድኃኒት ያቋርጣል፣ አይተኛም። ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

አንቺ ደግሞ ከጭንቀትሽ ይልቅ ያሳሰበኝ የእህትሽ ዕድሜ ነው። 50 ዓመት ሳይሞላት የጡት ካንሰር ለያዛት ሴት ብራካ የሚባሉትን፣ ጉድለት ሲኖርባቸው ለጡት ካንሰር የሚያጋልጡትን ዘረ-መሎች መመርመር ይመከራል። መጀመሪያ የምትመረመረው እሷ ናት። ጉድለት ከተገኘባት አንቺ ትከተያለሽ። ባይገኝም እንኳ እናቷ ወይም እህቷ የታመመችባት ሴት ዕድሏ ከሌላው ወደ እጥፍ ይጠጋል። አትደንግጪ፤ እንዲህ ዓይነት ዘመድ ካላቸው ሴቶች አብዛኞቹ በሕይወታቸው የጡት ካንሰር አይዛቸውም። ማሞግራም (የጡት ራጅ) መቼ እንደምትጀምሪ ግን አሁን ከሐኪም ጋር መነጋገር አለብሽ፤ 39 ዓመት ለዚህ ገና አይደለም። ስትሄጂ በአባትሽም በእናትሽም ወገን ማን፣ በምን ካንሰር፣ በስንት ዓመቱ እንደታመመ ጽፈሽ ያዢ። በአባት ወገን ያለውን ሰው ይረሳዋል፤ ዘረ-መሉ ግን በአባትም ይወረሳል።

እንቅልፍሽንም ለዚያው ሐኪም ንገሪው። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር ከቀጠለ ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ያለ ክኒን የሚታከምበት መንገድም አለ። ሌሊት ፈረቃ የምትሠሪ ከሆነ ይህንንም ጨምረሽ ንገሪው። የረጅም ዓመት የሌሊት ሥራ «ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት ዝርዝር ውስጥ ከ2007 ጀምሮ አለ።